ፊውዙ አስናቀ ኪስ ውስጥ ነበር

ዳኘው በገዛ ጋራዡ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ቀኝ እጁ አዲሱን ወፍራም ሽቦ እንደጨበጠ ደርቋል፤ መዳፉ ጠቁሯል። ሐምሌ 1974 ዓ.ም. ነው። ከጣና የተነሣው ዝናብ ከጧት ጀምሮ ግሽ አባይ ሰፈርን ሲደበድብ ውሎ በበሩ ሥር ገብቷል፤ ወለሉ ርሷል።

ሃምሳ አለቃ አምሐ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሬሳውን አየ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሃምሳ አለቃ ነው። ጠመንጃ መፍታት ያስተማራቸው ልጆች ዛሬ ሻምበል ሆነው ያዝዙታል። እነሱ አሥራ ሁለተኛን ጨርሰዋል፤ እሱ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። የዛሬውን ትእዛዝ የሰጠውም ከእነዚያ አንዱ ነው።

«የኤሌክትሪክ ሠራተኛው አሻጥር ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መኪና ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል፤ እሱን እንጭነዋለን። አንተ ወረቀቷን ብቻ ጻፍ» ብሎታል ሻምበሉ።

በአሻጥር ተከሶ በዚያ መኪና የሄደ ሰው ሲመለስ አምሐ አላየም።

ቤቱን የሠራው ዳኘው ነበር። በአዋጁ ጊዜ የፊት ለፊቱ ክፍል ትርፍ ቤት ተብሎ ተወረሰና የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደሞዝ ገባበት። ለዳኘውና ለሚስቱ ለሸዋዬ ጓሮውና ጋራዡ ቀረላቸው። የተካፈሉት ቤቱን እንጂ መብራቱን አይደለም፤ ለሁለቱም ያለው በረንዳው ላይ የተሰቀለ አንድ ቆጣሪና አንድ ፊውዝ ነው። ዳኘው የብየዳ ማሽን ሊያስገባ ፈለገ። አሮጌው ሽቦ ቀጭን ስለሆነ በወፍራም እንዲለውጥለት ከፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን አስናቀን አመጣ።

አስናቀ እጁ የኋሊት ታስሮ አጥር ሥር ተቀምጧል።

«ተናገር» አለው አምሐ።

«አራት ሰዓት ላይ ፊውዙን ነቅዬ ኪሴ ከተትሁት። የፋብሪካችን ደንብ ነው፤ ሽቦ የያዘ ሰው ካለ ፊውዙ ከሠራተኛ ኪስ አይወጣም። ስድስት ሰዓት ላይ ፋብሪካ ልፈርም ሄድሁ። ሰባት ተኩል ስመለስ ሞቶ አገኘሁት።»

«ፊውዙስ?»

«አሁንም ኪሴ ነው። ፈትሽ።»

አምሐ ፈተሸ፤ አገኘው። ፊውዙ ላይ ያለችው ቀጭን ሽቦ ሳትቀልጥ ሙሉ ናት። በረንዳው ላይ ያለው የፊውዝ ቤት ባዶ ነው። በመሐረብ ጫፍ ውስጡን ጠረገው። ከናሱ ላይ ቀልጣ የተለጠፈች፣ ጥፍር የማታክል የምታብረቀርቅ ነገር ተላቀቀች። መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ደሞዝ በሩን ከፍቶ ወጣ። ካኪው ንጹሕና ደረቅ ነው፤ ወገቡ ላይ ሽጉጥ ታጥቋል። ሲጋራ አንሥቶ ፓኮውን ዘረጋለት።

«እንካ አጭስ፣ ሽማግሌው። ምን ትጎረጉራለህ? ነገሩ ግልጽ አይደለም?»

አምሐ አንድ ሲጋራ ወሰደ። ሲጋራዎቹ የውስጥ ሽፋን በሌለው ፓኮ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታሉ።

«እርስዎ ምን ሰሙ፣ ጓድ?»

«በጆሮዬ ሰማሁ! ‹የዳኘው እጅ ሽቦው ላይ ነው፤ እኔ ሳልመለስ ማንም እንዳይነካ› ብሎን ነው የሄደው። ታዲያ ፊውዙ እሱ ኪስ እያለ ማን ይነካዋል?»

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሙሀመድአወል ነበር፤ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ። ዳኘው ‹እቃ ደብቋል› ብሎ ስለጠቆመበት ሦስት ወር ታስሯል።

«ደስ ብሎሃል መሰለኝ» አለው አምሐ።

«ወላሂ አላዘንሁም! ግን አልገደልሁም። የብየዳ ዘንግ አምጥቼ አስናቀ ሲናገር ሰምቼ ነው የሄድሁት።»

«ጧትስ የት ነበርህ?»

«ችግኝ ተከላ አስወጥተውን! ዝናቡ አጥንታችን ድረስ ዘለቀ። ደሞዝ እንኳ ንግግር ሲያደርግ ከካኪው ውኃ ይንጠባጠብ ነበር። ያችኑ አንድ ካኪ ስምንት ሰዓት ላይ ከክፍለ ሀገር ለሚመጣው እንግዳ ምን ብሎ እንደሚለብሳት እያልን ሳቅንበት።»

አምሐ አልሳቀም። ወደ ሸዋዬ ሄደ። እንባ የላትም።

«ባልሽን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?»

«ስድስት ተኩል። ውኃ ሰጠሁት። ሽቦውን ይዞ ይሳደብ ነበር።»

«ማንን?»

«ማንን ይሳደባል? ያን ሰውዬ ነዋ! ስድስት ሰዓት ላይ መጥቶ የከሰል ካውያሽን አውሺኝ አለኝ። ቤቴን መውሰድህ አነሰህና አልሁት፤ አልሰጠሁትም።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም በረንዳው ላይ ቆሙ። ሻምበሉ ከክፍለ ሀገር የመጣውን እንግዳ አስከትሎ መጣ።

«ወረቀቷን ጻፍሃት?» አለ ሻምበሉ።

«የምጽፈው ስም ተለወጠ» አለ አምሐ። «አስናቀ ከመሄዱ በፊት መብራቱን ቀጥሎት ቢሆን ዳኘው ስድስት ሰዓት ላይ ይሞት ነበር። ስድስት ተኩል ላይ ውኃ ጠጥቷል። ያን ጊዜ አስናቀ ፋብሪካ ነበር፤ ፊርማውን አይቼ መጣሁ። ስለዚህ ሌላ ሰው ያለ ፊውዝ መብራት ቀጥሏል። በምን?»

መሐረቡን ዘረጋ።

«በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት። ፊውዝ ሲጠፋ አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ጓድ ደሞዝ፣ እስቲ ፓኮውን ያሳዩን። ብርማው የት ሄደ?»

«ጣልሁታ! ወረቀት መጣል ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። ጧት ውኃ ያንጠባጠበው ካኪ ግን ስምንት ሰዓት ላይ ደርቆ፣ መስመር ወጥቶለት ነበር። ፀሐይ አልወጣችም። የከሰል ካውያ ሸዋዬ ከለከለችዎ። ያለዎት የኤሌክትሪክ ካውያ ብቻ ነው። መብራቱ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር፤ ታዲያ በምን ተኮሱት?»

ሁሉም የደሞዝን ሱሪ አዩ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ለሱሪ ብዬ ሰው ገደልሁ ነው የምትለው?» ደሞዝ ጮኸ። «ሊሞት ይችላል ብዬ አላሰብሁም!»

«አስበሃል» አለ አምሐ፤ አንቱታው እዚያ ላይ ቀረ። «እጁ ሽቦው ላይ እንደሆነ በጆሮዬ ሰማሁ ያልኸኝ አንተ ነህ። ተኩሰህ ስትጨርስ ብርማውን ነቅለህ ወሰድህ፤ ቀልጦ የተለጠፈው ግን ቀረብህ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሰው መኪና ላይ ልትጭን ቸኮልህ።»

ሻምበሉ ወደ እንግዳው አየ፤ ምን እንደሚባል የሚያውቀው ከሱ ብቻ ነውና።

«ሽጉጡን ተቀበሉት» አለ እንግዳው።

መኪናው በአሥራ ሁለት ሰዓት ደሞዝን ጭኖ ሄደ። አስናቀ ተፈቶ የእጁን አንጓ እያሸ ወደ ቤቱ ገባ። ሻምበሉ ምርመራው በአመራሩ ትጋት እንደተፈጸመ ጻፈ፤ የአምሐ ስም አልገባበትም።

ሸዋዬ አጥሩ በር ላይ አምሐን ጠበቀችው።

«ካውያውን ሰጥቼው ቢሆንስ?»

ሊዋሽላት ይችል ነበር።

«ዛሬ አይሞትም ነበር።»

ሸዋዬ ወደ ውስጥ ገባች። የከሰል ካውያዋን ይዛ ወጣችና በተቆለፈው የደሞዝ በር ፊት አስቀመጠችው።

«እንካ» አለችው በሩን። «ውሰድ።»