የማክሰኞው አትክልተኛ

አባት ሲሞቱ ግቢው ተከትሏቸው ሊሄድ ምንም አልቀረውም ነበር።

ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አጥራቸው የሚመሳሰል ቤቶች በተደረደሩበት መንገድ ላይ ነው። ከፊቱ ሰፊ ግቢ አለው። ጽጌረዳ፣ ሁለት የሎሚ ዛፍ፣ በአጥሩ ዙሪያ ደግሞ ቁጥቋጦ። አባት በሕይወት ሳሉ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየው ነበር።

አሁን ሦስት ሰው ይኖርበታል። እናት ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጠው ግቢውን ያያሉ። ወንዱ ልጃቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አብዛኛውን ሳምንት መንገድ ላይ ያድራል። ሴቷ ልብስ ሰፊ ናት። የፊቱን ክፍል መሥሪያ አድርጋ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ግራኝ ስለሆነች መቀሷን የሚዋሳት የለም።

ሁለት አትክልተኞች ተሞክረው ነበር። የመጀመሪያው መቆፈሪያውንም፣ መጋዙንም፣ የውሃ ጎማውንም ይዞ ጠፋ። ሁለተኛው የቁጥቋጦውን ግማሽ ከረከመና «ነገ እጨርሰዋለሁ» ብሎ ሄደ። ያ ነገ ሳይመጣ ሁለት ወር አለፈ። አጥሩ ተላጭቶ ሳይጨርስ ከወንበር እንደተነሳ ሰው ሆኖ ቀረ።

«አንድ ሰው ብቻ እሞክራለሁ» አለ ሹፌሩ። «እሱም እንደነዚህ ከሆነ ግቢውን በሲሚንቶ እለብጠዋለሁ። ቢያንስ መኪና ይቆምበታል።»

እናት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ሦስተኛውን ያመጡት ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጡት መምህርት ናቸው። «አራት ዓመት ሠርቶልኛል፤ አንድ ቀን ቀርቶብኝ አያውቅም። ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ።

ሰውዬው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በሩን አንኳኳ። ረጅም ነው፤ ወሬ አያበዛም። ሥራ አልጀመረም። ግቢውን ሁለቴ ዞረ፣ አፈር አንስቶ በጣቱ አሸ፣ የሎሚውን ቅጠል ገልብጦ አየ። ሹፌሩ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይከተለዋል።

«ስንት ቤት ትሠራለህ?»

«ስድስት። ይኼ ሰባተኛ ይሆናል።»

«ሰዎቹን ስላንተ ብጠይቅስ?»

«ይጠይቁ። እኔም ስለ እናንተ ጠይቄ ነው የመጣሁት።»

ሹፌሩ ቆም አለ። «እና ምን አሉህ?»

«እናትየው ደግ ናቸው፣ ልጅየው ቁጡ ነው፣ ግቢው ታሟል አሉኝ።»

እናት ከመስኮቱ ሥር ሳቁ። ከሐዘኑ ወዲህ ድምፅ አውጥተው ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቁማ ቀና አለች።

«ስለ ልጅቷስ ምንም አላሉም?» አለች ከውስጥ።

አትክልተኛው ወደ ድምፁ ዞረ። መልስ ያለው ሰው ይመስል ነበር፤ ስታየው ጠፋበት።

«ስለ እርስዎ... አልጠየቅኩም» አለና መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

ከመሄዱ በፊት ለሹፌሩ አንድ ነገር ተናገረ። «የምመጣው ማክሰኞ ነው። ሌላው ቀን የሌላ ሰው ነው።»

ማክሰኞ መጣ። የሚቀጥለውም ማክሰኞ መጣ። አጥሩ ሙሉ ለሙሉ ተከረከመ፤ ከጽጌረዳው ላይ የደረቀው ተነሳ። አዲስ የውሃ ጎማ ሲገዛ አትክልተኛው ከቧንቧው ጋር በሽቦ አሰረው። ቧንቧው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ነው፤ ከመስኮቱ አይታይም።

አንድ ቀን ወደ ልብስ መስፊያው ክፍል መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ቁራጭ ጨርቅ ይኖርዎት ይሆን? የሎሚውን ቅርንጫፍ የምደግፍበት። ሲባጎ ይቆርጠዋል።»

ከዩኒፎርም የተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ በረጅሙ ቀድዳ ሰጠችው። ቅርንጫፎቹን ሲያስር እናት በመስኮት ብቅ አሉ።

«ይኸው፣ ሎሚያችን ትምህርት ቤት ገባ!»

«ትምህርት እንጂ ፍሬ የለውም እንዳይሉኝ ብቻ፣ እማማ» አለ።

ከዚያ ወዲህ ጨርቅ በየማክሰኞው ያስፈልገው ጀመር። ሰፊዋም ከተፈለገው በላይ ትቆርጣለች። እሱ ያመሰግናል፤ እሷ «ምንም አይደል» ትላለች፤ ከዚያ ሁለቱም ይቆማሉ። ዝምታው ባይከብድም አያስኬድም። አንድ ቀን በዚያ መካከል «አንቺ» አላት። ደንግጦ ሊያርመው ሲል «ይሁን፣ ተወው» አለችው።

ችግሩ ሳምንቱ ነበር። ማክሰኞ አለፈ፤ ረቡዕ ደግሞ ማለቂያ የለውም።

እናም አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ እናት አሸለብ ሲያደርጋቸው፣ ሰፊዋ ወደ ወጥ ቤቱ ጀርባ ሄደች። ሽቦውን ፈታችው። እንዳያስታውቅ መልሳ ላላ አድርጋ ጠመዘዘችው። ውሃው ሲንፎለፎል ለአትክልተኛው ስልክ ደወለች።

«ጎማው ሾልኳል።»

«ማክሰኞ...»

«እስከ ማክሰኞ እንዋኝበት?»

አመሻሹ ላይ፣ የሌላውን ሰው ሥራ ጨርሶ መጣ። ሽቦውን ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው። መልሶ አጠበቀው። ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ ከውሃ ልማት መሥሪያ ቤት ግቢ ጀርባ ባለች ቁራሽ መሬት ላይ ችግኝ እንደሚያፈላ ነገራት። አንድ ቀን ሰዎች ወደ እሱ መጥተው እንዲገዙ ነው ሐሳቡ። ለማንም ተናግሮት አያውቅም። ሲጨልም ተነስቶ ሄደ።

በሚቀጥለው ሐሙስም ጎማው ሾለከ። በሌላውም። በአራተኛው ሐሙስ ግን ስልክ ከመደወሏ በፊት የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። ሹፌሩ ከመንገድ ተመልሷል። ግቢው ኩሬ ሆኗል፤ አዲስ የተተከሉት የጽጌረዳ ችግኞች ተነቅለው ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ጎማው ነው» አሉ እናት። «ሁልጊዜ ሐሙስ ይሾልካል። ልጁ ግን ይባረክ፣ ወዲያው መጥቶ ይጠግናል።»

ሹፌሩ ሁለትና ሁለትን ደመረ፤ አምስት መጣለት። አትክልተኛው ሥራው እንዳያልቅበት ራሱ እያላላ ራሱ የሚጠግን መሰለው። ማክሰኞን ጠብቆ በር ላይ ያዘው።

«ሽቦውን ማን ነው ያሰረው?»

«እኔ።»

«ታዲያ ለምን በየሳምንቱ ይላላል?»

አትክልተኛው ወደ መስኮቱ አየ። ሰፊዋ መኪናዋ ላይ ናት። እግሯ መርገጫው ላይ ነው፤ መኪናው ግን አይንቀሳቀስም።

«ያሰርኩት እኔ ከሆንኩ፣ ከላላ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። መሣሪያውን ሰብስቦ ወጣ።

ሰፊዋ ከወንበሯ ሳትነሳ የበሩን መዘጋት ሰማች።

ሹፌሩ በዚያ አልበቃውም። ለመምህርቷ ነገራቸው፤ ለማዶ ጎረቤቶች ነገራቸው። በሳምንቱ ሁለት ቤቶች አትክልተኛውን «ለጊዜው ይቅርብን» አሉት። አትክልተኛ ምስክር ወረቀት የለውም፤ ሰው ለሰው የሚለው ቃል ነው እንጀራው። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሲሚንቶው መጣ። ሃያ ከረጢት በሩ ሥር ተደረደረ። ግንበኛው ከየት እንደሚጀምር እየለካ ነው። መምህርቷ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ገቡ።

«ዋስ ሆኜ አሳፈርኳችሁ» አሉ እናትን። «ሰው አውቃለሁ እል ነበር። ለካ አላውቅም።»

የሰባ ዓመት ሴት አንገታቸውን ደፍተው ማየት ከባድ ነው። ሰፊዋ ከክፍሏ ወጣች። በእጇ የያዘችውን መርፌ እንኳ አላስቀመጠችም።

«እትዬ፣ እርስዎ አልተሳሳቱም። ሽቦውን የፈታሁት እኔ ነኝ።»

ግንበኛው መለካቱን አቆመ።

«ምን?» አለ ወንድሟ።

«እኔ ነኝ። አራቴም።»

«ለምን ብለሽ?»

ልትዋሽ ትችል ነበር። «ማክሰኞ ብቻ ስለሚመጣ» አለች።

መጀመሪያ የገባው ለመምህርቷ ነው፤ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ሹፌሩ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። ሱሪው ነጭ ሆነ፤ አላየውም።

«አንቺ ልጅ፣ ጨዋውን ሰው ሌባ አሰኘሽኝ እኮ!»

«አውቃለሁ፣ ወንድምዬ። ያን ቀን መናገር ነበረብኝ። ፈራሁ።»

ሹፌሩ ቁጡ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። «በይ፣ አንቺ ለእሱ ሂጂ ንገሪው። እኔ የተናገርኩበትን በር ሁሉ አንድ በአንድ አንኳኳለሁ» አለና ተነሳ።

ችግኝ የሚያፈላበትን ቦታ ጠይቃ አገኘችው። አትክልተኛው በየጣሳው አፈር እየሞላ ነበር። ሲያያት እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«እኔ ነኝ የፈታሁት» አለች ሰላም እንኳ ሳትለው።

«አውቃለሁ።»

«እንዴት?»

«እኔ ሽቦ የማጠብቀው ወደ ቀኝ እያዞርኩ ነው። አንቺ መልሰሽ የጠመዘዝሽው በግራ እጅሽ፣ ወደ ግራ ነው። ከመጀመሪያው ቀን አውቄአለሁ።»

ፊቷ ጋለ። «ታዲያ ወንድሜ ሲናገርህ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበለው? እህትህ ናት ልበለው? እኔ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ። አንቺ ግን ሌላ ወንድም ከየት ታመጫለሽ?»

«እኔን ሸፍነህ ስምህን አጣህ! ማን ሸፍን አለህ? ሁለተኛ ስለ እኔ ብቻህን እንዳትወስን።»

አትክልተኛው ጣሳውን አስቀመጠ። ከመሣሪያ ቦርሳው በብሎን የሚጠብቅ የብረት ቀለበት አውጥቶ መዳፉ ላይ አሳያት።

«ይኼ ከገባ ጎማው አሥር ዓመት አይላላም። ከሁለተኛው ሐሙስ ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።»

«እና ለምን አላደረግከውም?»

«ሐሙስ እንዳይቀርብኝ» አለ።

መጀመሪያ እሷ ሳቀች። እሱም ተከተላት። ጎንበስ ብላ አንድ ጣሳ አነሳችና አፈር መሙላት ጀመረች።

ሹፌሩ ቃሉን ጠበቀ። ዘጠኝ በር አንኳኳ፤ በዘጠኙም «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለ። ሁለቱ ቤቶች አትክልተኛውን መልሰው ጠሩት። ሲሚንቶውም አልተጣለም፤ ግንበኛው ከደጃፉ እስከ ሎሚው ድረስ ቀጭን መንገድ ሠራበት። እናት በከዘራ እየሄዱ ቅጠል መንካት ጀመሩ።

አትክልተኛው ሥራውን እንደገና በጀመረበት ዕለት ሹፌሩ የውጪውን በር ቁልፍ ቅጂ አቀበለው።

«እኔ መንገድ ላይ ነኝ። ባልኖርም ከፍተህ ግባ። ከዛሬ ጀምሮ ቤተኛ ነህ።»

አትክልተኛው ቁልፉን በሁለት እጁ ተቀበለ። ኪሱ ከተተው። ትንሽ ቆሞ፣

«ለሥራ ስመጣ እከፍትበታለሁ» አለ። «አንድ ሌላ ጉዳይ አለኝ። ለእሱ ስመጣ ግን አንኳኩቼ ነው።»

ሹፌሩ ጉዳዩን አልጠየቀም። «እሑድ ቤት ነኝ» አለው።

እሑድ አራት ሰዓት ላይ በሩ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ሹፌሩ ከወንበሩ አልተነሳም። እናት በዓይናቸው ጠቀሷት። ሰፊዋ ቀሚሷን አስተካክላ ልትከፍት ወጣች።