ሦስተኛዋ አምፖል

ኑ ልጆቼ፣ ይህን ጽሑፌን ስታነቡ ጠጋ ብላችሁ አረፍ በሉ። ሥራ ካላችሁም ለትንሽ ጊዜ ይቆይላችሁ።

የማወራችሁ ተረት አይደለም። የደረሰ ነው። በእኔው እጅ የደረሰ።

ሚያዝያ 1978 ዓ.ም.። አሶሳ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት።

እናንተ ሌሊትን ትፈሩ ይሆናል። እኔ የምፈራው ቀትርን ነው። እናቴ "በቀትር ዛፍ ሥር አትቁም፣ ያ ሰዓት የእኛ አይደለም" ትለኝ ነበር። እኔም እስቅባት ነበር...

ያን ጊዜ አሶሳ ወለጋ ክፍለ ሀገር ውስጥ ናት። እኛ ከድርቁ አገር በመኪና ተጭነን መጥተን የሰፈርን ሰዎች ነን። ሳር ቤት፣ ቀርከሃ፣ ሙቀት... እና ወባ።

ለአምባችን የነበረችው ሕክምና አንዲት ተጎታች ቤት ብቻ ነበረች። በጎማ የምትሄድ፣ በመኪና የምትጎተት የፈረንጅ መኝታ ቤት። መንገድ ሊያጠኑ የመጡ ሰዎች ድሮ ጥለዋት ሄዱ ይባል ነበር። ነጭ ስለሆነችና ጥግ ስለሌላት እኛ "እንቁላሏ" እንላት ነበር።

ውስጧ ሦስት አልጋ አለ። ከእያንዳንዱ አልጋ በላይ አውራ ጣት የምታህል አንድ አንድ አምፖል አለች።

መስኮቶቿ ተሰባብረው በቆርቆሮ ተመተዋል። ስለዚህ ቀንም ጨለማ ናት።

የምታክመን ደጊቱ የምትባል የባምባሲ ልጅ ነበረች። ሰፋሪው ሁሉ "ዶክተር" ይላታል። "ድሬሰር ነኝ፣ መርፌ ወጊ፣ አታሳስሩኝ እንጂ!" ትላለች እየሳቀች።

አንድ ቀን አስጠራችኝ።

"ኦቦ አንለይ፣ ኤሌትሪክ ታውቃለህ አሉኝ።"

"የመኪና ነው የማውቀው። ወልድያ ጋራዥ ውስጥ ሠርቻለሁ።"

"ይቺስ ጎማ አላት አይደል? መኪና በላት።"

ሳቅን።

"ችግሯ ምንድን ነው?"

ሳቋን ዋጠች።

"አምፖሎቹ ማታ ስፈልጋቸው አይበሩም። ቀን ግን... አንዷ ራሷ ትበራለች።"

ፒንሳዬንና ካቻቢቴዬን ይዤ ገባሁ። ባትሪው ከተበላሸ ትራክተር የተወሰደ ነው። ገመዱ አርጅቶ ልባሱ እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፈራል። ማብሪያ ማጥፊያው ዝጓል። በቃ፣ ገመድ ከገመድ ተነካክቷል አልኩ በልቤ። ቀላል ነው።

በመጀመሪያው አልጋ ላይ ጋሽ በቃሉ የሚባሉ ሽማግሌ ተኝተዋል።

ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ከበላያቸው ያለችው አምፖል በራች።

ማብሪያውን አየሁ። ጠፍቷል።

ፊውዙን ነቀልኩ። በራች።

የባትሪውን ገመድ ፈትቼ ባትሪውን ደጅ አወጣሁት።

አሁንም በራች...

"ተዋት ልጄ" አሉኝ ጋሽ በቃሉ። "ምን ነካህ? ታሙቀኝ።"

እጄን አስጠጋሁ። አምፖሏ ትንሽም አትሞቅም። እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቃዛ ናት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ በቃሉ አረፉ። አምፖሏም ጠፍታ ውስጧ ጥላሸት ሆነ።

ዕድሜ ነው አልኩ።

በሦስተኛው ቀን የሁለተኛው አልጋ አምፖል በራች። ከሥሯ ጸሐይ የምትባል ገና አሥራ ስምንት ያልሞላት ልጅ ነበረች። ትኩሳቷ ወርዶ ነበር። ነገ ትወጣለች ተብሎ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደጊቱ ዓይኗን ከደነችላት። ያቺም አምፖል ጠቆረች።

ደጊቱ ወደ ደጅ ጎትታ አወጣችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ...

"አየህ አይደል?"

"አየሁ።"

"ለማን እንናገር?"

"ለማንም። ለኮሚቴው ብንነግር አሉባልታ ነዛችሁ ብለው ያስሩናል።"

"በሽተኞቹንስ የት ልውሰዳቸው?"

ሌላ ጣሪያ አልነበረንም።

አንዲት ደህና አምፖል ብቻ ቀረች። ሦስተኛዋ።

በሳምንቱ ባለቤቴ የወርቅውሃ ወደቀች።

ወባዋ ራሷ ላይ ወጣ። እኔን አላወቀችኝም። ተሸክሜ ወደ እንቁላሏ ሮጥኩ።

"ሦስተኛው ላይ አይሆንም!" አልኩ።

"የግሉኮስ ማንጠልጠያ ያለው እዚያ ብቻ ነው" አለች ደጊቱ። አላየችኝም።

አስተኛናት።

በማግስቱ ሐመድ የሚባል የበርታ ሰው ሚስቱን ኢንዓምን ይዞ መጣ። የአገሩ ባለቤቶች እነሱ ናቸው። እኛ የሰፈርንበት መሬት ድሮ የአባቱ ማደኛ ነበር አሉ። ግን አንድም ቀን አላነሳብኝም። ማንጎ በእቅፉ ሙሉ ይዞ ነበር። ከያዘው ግማሹን ለእኔ ሰጠኝ።

"ይሄ ለሚስትህ። ይብላ፣ ደም ይሆናል።"

አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም ነበር። ልቡ ግን ሁሉን ይለያል።

ኢንዓም በመጀመሪያው አልጋ ተኛች፣ አምፖሏ በጠቆረችው። ለባሏ በበርታኛ ሹክ አለችው።

"ምን አለች?"

"ጨለማ ይፈራል። ትንሽ መብራት ይፈልጋል። አንተ ትሠራለህ?"

"አምፖል ከከተማ ይምጣና እሠራላታለሁ" አልኩ። "ቃሌ ነው።"

ሦስት ቀን ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ እኔና ሐመድ። እሱ ውኃ ሲያመጣ ለእኔም ያመጣል። እኔ እንጨት ስፈልጥ ለእሱም እፈልጣለሁ። ኢንዓም እየተሻላት ሄደ። ተነስታ መቀመጥ ጀመረች። የወርቅውሃ እንደዚያው ናት።

በአራተኛው ቀን ሐመድን "የኔዋ ከንፈሯ ደርቋል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ከምንጩ ታመጣልኝ?" አልኩት።

"ማፊ ሙሽኪላ" ብሎ እንስራውን አንስቶ ሄደ። ችግር የለም ማለቱ ነው።

ስድስት ሰዓት ሆነ።

ወፍ የለም። ሰው የለም። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ጧ... ጧ... ያደርገዋል።

ሦስተኛዋ አምፖል በራች።

በየወርቅውሃ ግንባር ላይ።

ባትሪውን ደጅ ወረወርኩት። በራች። ገመዱን በፒንሳ ቆረጥኩት፣ ከዚህም ከዚያም። በራች። የማውቀውን ሁሉ ጨረስኩ።

"እናንሳት!" አልኩ።

"መርፌው ከተነቀለ እዚሁ ትሞትብሃለች" አለች ደጊቱ።

አምፖሏን ከመያዣዋ ነቀልኳት።

በመዳፌ ላይ በራች። ቀዝቃዛ...

ወደ ጫካ ልወረውራት ወደ በሩ ሄድኩ። አንድ እርምጃ ስራቅ የወርቅውሃ ትንፋሽ አጠረ። ሁለተኛ ስራመድ ሲጥ አለ። ሦስተኛው ላይ ትንፋሿ ቆመ።

ተመለስኩ። ተነፈሰች።

ልጆቼ፣ ወልድያ ያስተማረኝ ጌታዬ አንድ ነገር ይለኝ ነበር። "ብልሽቱ የት እንዳለ ግራ ከገባህ አቀያይር። ይቺን ንቀል፣ እዚያ ትከል። ብልሽቱ አብሮ ከሄደ፣ አገኘኸው ማለት ነው።"

ለመኪና የሚሆን ምክር ነው። ለመኪና ብቻ።

ከመጀመሪያው አልጋ በላይ ያለችውን የጠቆረች አምፖል ነቀልኩ።

ልሞክር ነው አልኩ በልቤ። ብቻ ልሞክር... ኢንዓም እየዳነች ነው፣ ምን ትሆናለች አልኩ።

ውሸቴን ነው። አውቅ ነበር።

የምትበራዋን እዚያ ተከልኳት።

ኢንዓም ነቅታ ነበር። ብርሃኑ ፊቷ ላይ አረፈ። ቀና ብላ አምፖሏን አየች፣ ከዚያ እኔን። ፈገግ አለች።

"ሹክረን" አለችኝ።

አመሰግናለሁ ማለቷ ነው።

በኋላዬ የወርቅውሃ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ላብ አጠመቃት። "ውኃ..." አለች።

ደጊቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሁሉን አይታለች። ከዚያ ቀስ ብላ...

"እጅህን ታጠብ" አለችኝ።

በዚያው ወር ዝውውር ጠይቃ ሄደች።

ሐመድ ውኃውን ይዞ መጣ። ከኢንዓም በላይ መብራቱን ሲያይ ፊቱ በራ። እንስራውን አስቀምጦ ቀኝ እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

"ቃልህን ጠበቅህ!"

ኧረ ምድር ምነው ያኔ ብትከፈት...

ከምንጩ ያመጣውን ውኃ መጀመሪያ ያጠጣው የእኔን ሚስት ነው። "የአንተ ይጠጣ፣ የኔ ደህና ነው" ብሎ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኢንዓም እጇ በእጁ እንዳለ አረፈች። እንቅልፍ መስሎት ነበር። እያወራላት ነበር።

መቃብሯን አብሬው ቆፈርኩ። አላለቀሰም። መጨረሻ ላይ አፈሩን ከእጁ እያራገፈ እንዲህ አለኝ።

"በጨለማ አልሞተም። አንተ መብራት ሰጠህ።"

እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ ማንጎ ሲደርስ ያመጣልኝ ነበር። አልነገርኩትም። እየተቀበልኩ በላሁ።

የወርቅውሃ ዳነች። አራት ልጅ ወለደችልኝ። ዛሬም አለች፣ እዚሁ ጓዳ ተኝታለች።

ግን ከዚያን ቀን ወዲህ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን እንቅልፍ ይጥላታል። የያዘችው ከእጇ ይወድቃል። በእንቅልፏም አንዲት ቃል ትላለች።

"ሹክረን።"

ስትነቃ ብትጠይቋት አታስታውስም። ኢንዓም የምትባል ሴት አጠገቧ እንደነበረችም አታውቅም። እኔም አልነገርኳትም።

ሌሎቹ አምፖሎች ጠቁረው ነበር ብያችኋለሁ። ያቺ ሦስተኛዋ ግን አልጠቆረችም። ጠፋች እንጂ መስታወቷ ንጹሕ እንደሆነ ቀረ። መጣል ፈራሁ። ለሌላ ሰው መስጠትም ፈራሁ። በሻይ ቅጠል ጣሳ ከትቼ ይኸው ወደ አርባ ዓመት ከአልጋዬ ሥር አኖርኳት።

ዛሬ ረፋድ ላይ፣ ገና ቀትር እንኳ ሳይደርስ፣ ከጣሳው ክዳን ሥር ብርሃን አየሁ።

ቤት ውስጥ ያለነው ሁለት ነን።

በዚህ ጊዜ አላመነታሁም ልጆቼ። አምፖሏን በክር አስሬ ከራሴ አልጋ በላይ ሚስማር ላይ ሰቀልኳት። ያኔ መሆን የነበረበት ይሄ ነበር። እኔ እንዳለሁ ለምን ትዝ አላለኝም? ለምን ያቺን ምስኪን...

ከዚያ ይህን ልጽፍላችሁ ተቀመጥኩ።

አሁን ስድስት ሰዓት ሆነ። ቀና ብዬ ሳይ... ክሩ ብቻውን ይወዛወዛል።

አምፖሏ የለችም።

የጓዳው በር ዝግ ነው። ከሥሩ ግን ቀጭን ብርሃን ወጥቷል። መነሳት አቃተኝ።

ከውስጥ "ሹክረን" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

የወርቅውሃ ድምፅ አይደለም።

ልጆቼ... እኔ የሆንኩትን እሆናለሁ። እናንተ ግን ስሟን ያዙልኝ። ኢንዓም። የሐመድ ሚስት፣ የአሶሳ ልጅ። ጨለማ ትፈራ ነበር።

እባካችሁ፣ እሷን አትርሷት።