ሳህሉ ያዛወራቸው ቁጠባዎች

ሳህሉ የሞተው ወለድ ሲያወዳድር ነው። በሜልቦርን ከተማ ኬንሲንግተን ውስጥ፣ ከመንግሥት ኪራይ ሕንፃዎች በአንዱ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከተከፈተ ላፕቶፑ ፊት ወለሉ ላይ ተዘርሮ ተገኘ። ፊቱና ከንፈሩ አብጧል። ጠረጴዛው ላይ ግማሹ የተጠጣ በሶ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ደግሞ የሁለት ባንኮች ወለድ ጎን ለጎን ይታያል። ያገኘችው ከሥራ የተመለሰች እጮኛው ጽጌ ናት። በሶውንም ጠዋት በጥብጣ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጠችለት እሷው ነበረች፤ ጣጣው የመጣባትም ከዚሁ ነው።

ሳህሉ ለውዝ ከቀመሰ ጉሮሮው የሚዘጋ ሰው ነበር። ሳህሉን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ለዝክር ሲጠራ እንኳ ቆሎው ውስጥ ለውዝ እንዳይገባ ይጠነቀቁለታል። ለክፉ ቀን የሚወጋት መርፌ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ተንጠልጥላ ትኖር ነበር። በዚያን ቀን በቦታዋ አልተገኘችም። ብርጭቆው ውስጥ የተቆላ ለውዝ ዱቄት ተገኘ፤ ፍሪጅ ውስጥ በቀረው በሶ ግን ምንም አልነበረም።

ጉዳዩ ኖርዝ ሜልቦርን ላደገችው መርማሪ ኑሀሚን ተሰጠ። ፈረንጁ አለቃዋ ሐሳቡን ጨርሷል። በሶውን የሠራችው ጽጌ፣ የቤቱ ቁልፍ ያላት ጽጌ፣ ሰውየውን አግብታ ልትወርስ የነበረችውም ጽጌ። ኑሀሚን ቢያንስ እስከ ሠልስቱ ታገሠኝ ብላ ለመነችው። እስከዚያ ሌላ ሰው ካላቀረበች ጽጌ ልትታሰር ነው።

ለቅሶው የተቀመጠው ከሕንፃው ሥር ባለው የነዋሪዎች አዳራሽ ነበር። ጽጌን በሩ ሥር፣ ብርድ በሚገባበት ወንበር ላይ አስቀምጠዋታል። እጇን የጨበጠ ሰው የለም። ለቅሶውን የሚመሩት እትዬ ማንተግቦሽ ሁሉም እየሰማ፣ «ገዳይ ከፊት አይቀመጥም» ብለዋል። ወሬ እንዴት እንደሚፈጥን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ፖሊስ ገና ያልወሰነውን አዳራሹ ወስኖ ነበር።

ኑሀሚን ስትገባ ፋንታሁን እያለቀሰ ነበር። ፋንታሁን ከሱዳን የስደት ዘመን ጀምሮ የሳህሉ ጓደኛ ነው፤ ሚስቱ ከሞተችበት ሁለት ዓመት ሆኖታል። ደረቱን እየደቃ፣ «ወንድሜ ሳህሉ፣ ወንድሜ፣ መርፌህ ሜዳ ወድቆ፣ አንተ ፎቅ ላይ ወድቀህ» ሲል አዳራሹ ተንሰቀሰቀ። ኑሀሚንም እንባዋ መጣ። በሩ ላይ የቆመው ፈረንጅ ባልደረባዋ ግን ከጩኸቱ በቀር የሰማው ነገር አልነበረም።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ካርልተን የሚኖረውን የሟች የወንድም ልጅ፣ ያብስራን ነው። ስለ አጎቱ ሲያወራ መሳቅም ማልቀስም ያምረው ነበር። ሳህሉ ትራም ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ የቁጠባ ሂሳብ ያወዳድራል። ሱፐር የሚሉት የጡረታ ቁጠባ ለሱ ዕድሜ ሰው ከታክስ ነፃ መሆኑን ካወቀ በኋላማ ጭራሽ አልተቻለም። ከቅዳሴ መልስ ሰው ያዝ አድርጎ፣ ያንተ ይህን ያህል ይቆርጥብሃል፣ ያ ይህን ያህል ይከፍልሃል፣ ዛሬውኑ አዛውረው ይላል። ብዙዎቹ ተጠቅመውበታል።

«የራሱንም ባለፈው ሰኞ ወደ ሌላ አዛወረ» አለ ያብስራ። «ትራንስፈር ያደረግሁለት እኔ ነኝ። በድሮው ላይ ወራሹ እኔ ነበርኩ። ሲዛወር ግን የወራሽ ስም አብሮ አይሄድም፤ እንደ አዲስ ይሞላል።»

«ሞላ?»

«እሁድ ሊሞላ ነበር። የጽጌን ስም። ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽሽም።»

ሳህሉ የሞተው ሐሙስ ነው።

ጽጌ ብዙ አልተናገረችም። መርፌዋን ቤቱን ሁሉ አገላብጣ ፈልጋ እንዳጣቻት ለኑሀሚን ነገረቻት። ስለ ውርሱ አንድም ነገር አልጠየቀችም፤ የጠየቀችው ሲሞት ተሠቃይቶ እንደሆነ ብቻ ነው።

ፋንታሁን በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ተቀበላት። ግድግዳው ላይ የሚስቱ የወለተሥላሴ ፎቶ ነበር። ስለ ባንክና ስለ ሱፐር ስትጠይቀው እጁን አወናጨፈ።

«እኔ ስለዚህ ነገር አላውቅም ልጄ። ያ የሳህሉ ነገር ነው።»

«የራሳቸውንም ሰኞ ዕለት አዛውረውት ነበር፣ ጋሼ።»

ፋንታሁን ቀና አለ። «ኢንሹራንሱስ? አብሮ ተዛወረ?»

አላውቅም አለችው። አመስግናው ወጣች፤ ከዚያም ፎቶው ላይ ስላለችው ሴት ስትጠይቅ ዋለች።

በሠልስቱ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አለቃዋም መጥቶ ከአንድ ፖሊስ ጋር በሩ አጠገብ፣ ከጽጌ ወንበር ኋላ ቆሟል። ኑሀሚን ካህኑን አስፈቅዳ መሐል ገባች።

«ጋሼ ሳህሉን የገደለው ገንዘብ አልፈለገም» አለች። «ያብስራ ገንዘቡን ቢፈልግ ኖሮ ከሰኞ በፊት ይገድል ነበር፤ ያኔ ወራሽ ነው። ከሰኞ በኋላ አይደለም፤ ይህንንም ከማንም በላይ ያውቃል፣ ያዛወረው ራሱ ነው። ጽጌ ገንዘቡን ብትፈልግ እስከ እሁድ ትጠብቅ ነበር። ሐሙስ ቀን ሲሞቱ በወራሽነት የማንም ስም አልተሞላም ነበር። ለውዙም የተጨመረው ብርጭቆው ውስጥ ነው፤ እሷ ሥራ ላይ በነበረችበት ሰዓት፣ አብሮ የተቀመጠ እንግዳ ነው የጨመረው።»

እትዬ ማንተግቦሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ጓደኛቸው ሱፐራቸውን አዛወሩ ብዬ ስነግራቸው ጋሼ ፋንታሁን ስለ ወለዱ አልጠየቁኝም። ስለ ወራሹም አልጠየቁም። ኢንሹራንሱስ አሉኝ። ስለ ሂሳብ አላውቅም የሚል ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል? የተቃጠለ ሰው ካልሆነ በቀር።» ወደ ፋንታሁን ዞረች። «እትዬ ወለተሥላሴ ካንሰር ይዟቸው ነበር። የድሮው ሱፐራቸው ውስጥ የሕይወት ኢንሹራንስ ነበረ። ጋሼ ሳህሉ ወለዱን አወዳድረው ይሄ አይረባም፣ ዝጊው አሏቸው። ሲዘጋ ኢንሹራንሱም አብሮ ሞተ። አዲሱ ደግሞ የታመመ ሰው አልቀበልም አለ። እሳቸው አረፉ፤ ዕዳው የሚከፈልበት ጠፍቶ ቤቱን ባንክ ወሰደው።»

«በዚህ ማንም ሰው ይናደዳል» አለ ፋንታሁን በዝግታ። «የተናደደ ሁሉ ግን አይገድልም።»

«እውነት ነው። መርፌዋን ግን ከመስኮቱ ሥር፣ ሣሩ ላይ ያገኘናት እኛ ነን። ለማንም አልተናገርንም። ጽጌ የምታውቀው መጥፋቷን ብቻ ነው። እርስዎ ግን በመጀመሪያው ቀን፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ መርፌህ ሜዳ ወድቆ ብለው አለቀሱ።»

አዳራሹ ውስጥ ያንን ለቅሶ ያልሰማ፣ በዚያም ያላለቀሰ ሰው አልነበረም።

«ያለቀስኩት የእውነቴን ነው» አለ ፋንታሁን። «አርባ ዓመት ወንድሜ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አጥፍቻለሁ አላለኝም። ባለፈው ወር ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ና አሁን ደግሞ ያንተን እናዛውርልህ፣ የተሻለ አግኝቻለሁ አለኝ። እየሳቀ። ያኔ ነው የቆረጥኩት።» ድምፁ ጠነከረ። «መርፌዋን ይዤ ፊቱ ቆምኩ። ወለተሥላሴ ይቅር በይኝ በል፣ እሰጥሃለሁ አልኩት። አላለም። ወረወርኳት።»

«ጋሼ» አለች ኑሀሚን፣ «ጉሮሯቸው ተዘግቶ ነበር እኮ። በምናቸው ይበሉ?»

ፖሊሱ ፋንታሁንን ክንዱን ይዞት ወጣ። አለቃዋ ጽጌን አንድ ጊዜ አይቷት ከኋላቸው ተከተለ።

እትዬ ማንተግቦሽ ቀድመው ብድግ አሉ። እጃቸውን ዘርግተው ወደ በሩ ሄዱ። «ልጄ ጽጌ፣ ይቅር በይን። ሰይጣን አሳስቶን ነው።»

«ሰይጣን አልነበረም እትዬ፤ እርስዎ ነዎት» አለች ጽጌ።

ከወንበሯ ተነሣች። በመካከላቸው አልፋ፣ ማንንም ሳትነካ፣ ፊት ለፊት ለሚስት የሚለቀቀው ቦታ ላይ ተቀመጠች። የተዘረጉላትን እጆች ሁሉ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ አንዱንም አልጨበጠችም።

«አሁን ውጡልኝ» አለች። «ሁላችሁም። የሳህሉን ሠልስት እኔ ብቻዬን እቀመጣለሁ።»

የቀለደች መስሏቸው ጥቂት ተያዩ። ካህኑ ሊያባብሏት ጀምረው ነበር፤ ፊቷን ሲያዩ መስቀላቸውን ይዘው ቀድመው ወጡ። ሌላውም ጫማውን እያየ ተከተለ። እትዬ ማንተግቦሽ ከሁሉ ኋላ ቀሩ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው ሊናገሩ ፈለጉ፤ ጽጌ ግን እያየቻቸው አልነበረም።