ቃታ የሌለው ሽጉጥ

ሽጉጥ ሠሪው በሥራ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ የተገኘው ረፋዱ ላይ ነበር። ጥይቷ ግራ ደረቱን በስታ ገብታለች። በቀኝ እጁ ያለው ሽጉጥ የራሱ ፈጠራ ነው፤ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ፣ እንደ ሳሙና ለስላሳ፣ ቃታ የሚባል ነገር የሌለው። የተኩሱን ድምፅ ሁሉም ሰምተውታል። ግን ከጓሮው መሞከሪያ ክፍል ቀኑን ሙሉ ተኩስ በሚሰማበት ቤት ማን ልብ ይላል?

«ራሱን ነው ያጠፋው፤ ይሄ ምን ያነጋግራል?» አለ በሩን የሚጠብቀው ፖሊስ።

ኢንስፔክተሯ በሥራው ሃያ ዓመት የቆየች፣ ቀጭን፣ ከመናገሯ በፊት ነገሩን የምታላምጥ ሴት ናት። ጎንበስ ብላ የሟቹን ጣቶች አየች። አንጓዎቻቸው አብጠው እንደ ዝንጅብል ተጣመዋል። ከዚያ ሸሚዙን አየች፤ ቁልፎቹ እስከ አንገቱ ድረስ በሥርዓት ተቆልፈዋል።

ሚስቱ ማድ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ሸሚዙን የሚቆልፍለት ማን ነው?»

«እኔ ነኛ፤ ሌላ ማን አለው? ጣቶቹ እንቢ ካሉት ሁለት ዓመት አለፈው። ማንኪያ እንኳ በሁለት እጁ ነበር የሚይዘው።»

«ሽጉጡንስ ያውቁታል?»

«እንዴት አላውቀው! ለሴት ቦርሳ ነው የሠራሁት ይለኝ ነበር። ባለፈው ወር ሞክሪው ብሎ ሰጠኝ። በሁለት እጄ ብጨምቀው፣ ብጨምቀው፣ ወይ ፍንክች! ለሴት ተሠርቶ ሴት የማትተኩሰው…» ልትስቅ ጀምራ እንባ ቀደማት።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ፊት ለፊት ባለው ሱቅ ውስጥ ባዶውን የዕቃ ማሳያ መስታወት ይወለውላል። እጆቹ ትንንሽ ናቸው።

«ስለ ሽጉጡ ንገረኝ» አለችው። «እንደሚሸጥ ሰው ሳይሆን እንደሚያውቀው ሰው።»

«ወንድም ጋሼ ቃታውን ያወጣው ከኪስ ሲመዘዝ ጨርቅ እንዳይዝ ብሎ ነው። የእጀታውን ፊት በጣቶችሽ ጭምቅ ስታደርጊው ይተኩሳል። ትንሽ ነው፣ አይታይም፣ አይጎረብጥም። ጥቅሙ ይሄ ነው።»

«ጉዳቱስ?»

«አፈሙዙ አጭር ስለሆነ ከአሥር እርምጃ በላይ አይታመንም። የተተኮሰውን ጥይት ቀለህ የሚጥለው ወደ ታች ነው። እጀታው ደግሞ አጭር ነው፤ እጁ ትልቅ የሆነ ሰው ትንሿን ጣቱን ከሥር ካጠፋት ትኩሱ ቀለህ ይጠብሳታል። መቆለፊያ የለውም፤ የሚጠብቅሽ እጀታው ውስጥ ያለው የሽቦ ሞላ ጥንካሬ ብቻ ነው። ሞላው ከላላ ሳታስቢው ይተኩስብሻል። ከጠነከረ ደካማ እጅ አይችለውም። መሀሉን ስንፈልግ ዕድሜያችን አለቀ።»

«አሁን ያለበት ሞላ የትኛው ነው?»

«ከሁሉም ጠንካራው። ከበፊቱ እጥፍ ነው። ዛሬ ጠዋት እሱ እየነገረኝ እኔ ገጠምኩት።»

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም። ገጥሜ ሰጠሁትና ወደዚህ መጣሁ።»

የሙከራ ተኳሹን መሞከሪያው ክፍል አገኘችው። ከቤቱ የሚወጣውን መሣሪያ ሁሉ የሚሞክር፣ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፤ ግንድ የሚያህል ሰው። ሻይ ይጠጣል። ትንሿን ጣቱን ከብርጭቆው አርቆ ነው የያዘው።

«ስለዚህ ሽጉጥ ምን ይላሉ?»

«መጫወቻ ነው፣ ልጄ። ሲያላሉት ሰው ይፈጃል። አሁን ደግሞ ከበፊቱ እጥፍ አጠንክረውት የበሬ ጉልበት ይጠይቃል።»

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ያዙት?»

«ሳምንት አልፎኛል።»

«ጣትዎስ ምን ሆነ?»

«ሻይ ፈሶብኝ ነው።»

ምክንያቱን ያገኘችው ከሟቹ መሳቢያ ነው። ከመጀመሪያው ሞላ ሥዕል ሥር፣ በተንቀጠቀጠ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «በዚህ ሞላ ገና ሲያዝ ይተኩሳል። የተኳሹ ልጅ ራሷን አላጠፋችም። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ሦስት ዓመት።»

ኢንስፔክተሯ ሁለት ጊዜ አነበበችው። የተኳሹን ልጅ፣ ነርሷን አስታወሰቻት። አልጋዋ ላይ፣ ካፖርቷን እንደለበሰች፣ ሽጉጡ በእጇ። እጮኛዋ ከተዋት ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር፤ መዝገቡ ራስን ማጥፋት ተብሎ ተዘጋ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን በሥራ ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነሥቷል።

«ሟቹ ቁልፍ መቆለፍ የማይችል ሰው ነው» ብላ ጀመረች። «ይህን ሞላ ሊጨምቅ አይችልም። ስለዚህ ሽጉጡን እጁ ላይ ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው። እርስዎ» አለች ወደ ሚስቲቱ ዞራ፣ «የዚህን ግማሽ ጥንካሬ የነበረውን የበፊቱን ሞላ እንኳ አልቻሉትም። አንተ» አለች ወደ ታናሽ ወንድሙ፣ «ሞላውን የገጠምከው አንተው ነህ፤ እጥፍ መሆኑን በራስህ አፍ ነገርከኝ። ሟቹ ራሱን ገደለ ሊያሰኝ የፈለገ ሰው ይህን አይናገርም።»

ከዚያ ወደ ተኳሹ ዞረች።

«እርስዎ ግን ሽጉጡን ከያዙት ሳምንት እንዳለፈዎት ነግረውኛል። ሞላው የተቀየረው ዛሬ ነው። እጥፍ መሆኑን እጅዎ ካልነገረዎት ማን ነገረዎት? ሻይ ሲፈስ ደግሞ እጅን ሁሉ ነው የሚያቃጥለው። የእርስዎ ቃጠሎ ግማሽ ክብ ነው፤ ከትንሿ ጣት ሥር፣ የቀለህ ልክ።»

ሰውየው አልካደም።

«ዛሬ ጠርቶ ይቅር በለኝ አለኝ» አለ ዝግ ብሎ። «ያን ሞላው የላላ ሽጉጥ ለልጄ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ከሥራ ስትመለስ ትያዘው ብዬ። ራሷን ገደለች ሲሉኝ አመንኩ። አሳፈረችኝ ብዬ ቀብሯ ላይ አልቆምኩም። እናቷ እስክትሞት ድረስ ስሟን በቤቴ አላስጠራሁም። ታዲያ ይቅርታውን በየት በኩል ልቀበለው?»

ሚስቲቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ንገረውና ይውጣልህ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ትናንት ማታ… እኔ ነኝ ያልኩት።»

ታናሽ ወንድሙ አንገቱን ደፋ። ተኳሹ ኢንስፔክተሯን አየ።

«የልጄን መዝገብ የዘጋው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ስንት ቀን ፈጀብሽ?»

«ግማሽ ቀን» አለች።

ራሱን ነቀነቀ፤ እጆቹንም ለካቴና ዘረጋ።

ወደ ጣቢያው ሲሄዱ ነርሷ የተቀበረችበት መቃብር ስፍራ በር ላይ መኪናውን አስቆመች። ያስቆመችው ለእሱ ይሁን ለራሷ አታውቅም። ጠባቂው የነርሷን ስም ሲሰማ ግንባሩን አከከ።

«ያኔ ምልክቱ እንጨት ነበር፤ ዝናብ ጽሑፉን አጠበው» አለ። «ድንጋይ የሚያስቀርጽላት ዘመድ አልመጣም። በዚህ ረድፍ ካሉት አንዷ ናት።»

ረድፉ እስከ አጥሩ ድረስ ይሄዳል። ተኳሹ ከጫፉ ቆመ። አንድ እርምጃ ወደ ግራ አለ፤ ተመለሰ። ወደ የትኛዋ እንደሚዞር ጨነቀው። ኢንስፔክተሯም አብራው ቆመች፤ የምትጠቁመው አልነበራትም።

«እንሂድ» አላት በመጨረሻ።