ያልደረቀው ክንፍ

«ማን ነካው?» አለ አንዱ። «እጁን አሳየኝና እነግርሃለሁ» አለ ሌላው። ኢንስፔክተር ሙሉነሽ በልጅነቷ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ ሁለት ቁም ጸሐፊዎች ስለ ተበላሸ ብራና ሲጨቃጨቁ የሰማችው ንግግር ነው። ነገሩ እንዴት እንዳለቀ አታስታውስም።

አሁን ይህን ያስታወሳት የሠዓሊው የጋሽ ጥዑመ ልሳን አውራ ጣት ነው። ሽማግሌው ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ጣና ዳር ካለው ቤታቸው የድንጋይ ደረጃ ግርጌ ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ ሞተው ተገኙ። ጣታቸው ሰማያዊ ነበር።

«ሠዓሊ አይደሉም እንዴ? ምን ይደንቃል?» አሉ ኮማንደር ተክለ ጊዮርጊስ። «ገዳዩንም ይዘነዋል።»

የያዙት አስከሬኑን ያገኘውን ዓሣ አስጋሪ ቡርሀንን ነው። ረቡዕ ዕለት ሽማግሌው «መረብህ ወፎቼን ፈጀ!» ብለው ሲጮኹበት ጎረቤት ሰምቷል።

ሙሉነሽ ሦስት ቀን «ልጠይቅ» ስትል ሦስት ቀን «አለቀ» ተባለች። በአራተኛው ሳታስፈቅድ እስረኛው ዘንድ ገባች።

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«መቼ ሳንጣላ ቀርተን፣ እትዬ! ጠዋት ይሰድቡኛል፤ ዓሣ ስወስድላቸው ይመርቁኛል። ሐሙስም ወላሂ ዓሣ ይዤ ነው የሄድሁት። አሁን ጦይባ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ‹የነፍሰ ገዳይ ሚስት› እያሏት ነው።»

ከዚያ በኋላ ፔዳ በሚባለው ሰፈር ወዳለው የጌትነት ማተሚያ ቤት አቀናች። ጌትነት የጋሽ ጥዑመን የወፍ ሥዕሎች ያትማል። ከአንድ ሥዕል ሃምሳ ቅጂ ብቻ ይወጣል፤ ሽማግሌው እያንዳንዱን በእርሳስ ቆጥረው ይፈርሙበታል። ሃምሳው ካለቀ አበቃ።

«ጠረጴዛቸው ላይ ያለችው የዓሣ አጥማጅ ወፍ ህትመትስ?»

«ከመሞታቸው በፊት በነበረው ቅዳሜ ያደረስሁላቸው ናት። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።»

«ቀለሙ ይለቃል?»

«የእኔ?» ብሎ ሳቀ። «አንድ ቀን ሙሉ ሳላደርቅ አላወጣም። ከዚያ በኋላ ሐይቁ ውስጥ ቢነክሩት አይለቅም!»

በማግስቱ ማክሰኞ ሁሉም በሟቹ ቤት ተሰበሰቡ፤ ኮማንደሩ እያጉረመረሙ፣ ቡርሀን በካቴና።

«አባትሽ ለመጨረሻ ጊዜ ቀለም የነኩት መቼ ነው?» አለች ሙሉነሽ ጥቁር ለለበሰችው ለልጃቸው ለዜማ።

«እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዓመት አልፏል። እርሳስ ብቻ ነው የሚይዙ።»

ሙሉነሽ ህትመቷን አነሳች። የወፏ ክንፍ በአውራ ጣት ታሽቶ ሰማያዊው ወደ ነጩ ዳር ተስቧል።

«ጣታቸው የቀለመው ከዚህ ነው። ጌትነት፣ ቅዳሜ የመጣች ብትሆን ሐሙስ አትለቅም፤ ራስህ ነገርኸኝ። ስለዚህ ከማሽን የወጣችው ሐሙስ ነው። ቁጥርም ፊርማም የላትም። የዚች ወፍ ሃምሳው ተፈርሞ ካለቀ ደግሞ ወር ሆኖታል፤ ዜማ ታውቃለች። ሃምሳ አንደኛዋን ሳታደርቅ ይዘህ የሮጥኸው ለምንድን ነው?»

ጌትነት ወደ በሩ አየ። ኮማንደሩ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ደንበኛዬ በማግስቱ ወደ አገሩ የሚበር እንግዳ ነበር» አለ። «አንዲት ፊርማ ነው የለመንሁ! ‹ሃምሳ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ› አሉ። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ወርውረው ‹ለሰው ሁሉ እነግራለሁ› እያሉ ወጡ። ደረጃው ላይ ደረስሁባቸው… ገፋኋቸው።»

ካቴናው ከቡርሀን እጅ ወደ ጌትነት እጅ ዞረ። ቡርሀን ግን አልተነሳም።

«ሂድ እንጂ፣ ነፃ ነህ» አሉ ኮማንደሩ።

«የት ልሂድ? ያሰራችሁኝ ጀልባ ማቆሚያው ላይ፣ አገር እያየ ነው። ስትፈቱኝም አገር ይይ።»

«ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ።»

«በየቤቱ እየዞርሁ ላነብ ነው?»

ኮማንደሩ ወደ ሙሉነሽ ዞሩ። አላገዘቻቸውም።

«እሺ» አሉ በረጅሙ ተንፍሰው። «ነገ ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመለሱ፣ ሰው በተሰበሰበበት ቆሜ ‹ተሳስቻለሁ› እላለሁ።»

«የደንብ ልብስዎን ለብሰው» አለ ቡርሀን።

«እሺ፣ ለብሼ።»