የሞገር ግንብ ዝምታ

የሞገር ግንብ ደወል ማንም ሳይነካው በራሱ በደወለ ጊዜ የጸዳላ አገር ሰው ሁሉ የያዘውን ሥራ ትቶ ያቀረቅር ነበር። የደወሉን ትርጉም የማያውቅ አልነበረም፤ ከግንቡ እስረኞች አንዱ በገዛ እጁ ከዚህ ዓለም ተለይቷል ማለት ነው። በንጉሥ ዘርዐ ጸዳል ዘመን፣ የማሽላው እሸት በደረሰበት ወቅት፣ ያ ደወል በጠራራ ፀሐይ ጮኸ። የሞተው አስማረ የሚባል ገበሬ ነበር። የግንቡ ቁልፍ ያዥ ትርሲት ምሳዋን ልትጎርስ እጇን እንደዘረጋች ነው የሰማችው፤ የጠቀለለችው ጉርሻ ከእጇ ወደቀ።

ሌላው ሰው ያዘነው ለማያውቀው ሰው ነው። ትርሲት ግን አስማረን ታውቀዋለች። በዋዜማው ምግቡን በበሩ ቀዳዳ ስታስገባለት፣ «እህቴ፣ ውጪ ዘንቧል እንዴ?» ብሎ ጠይቋት ነበር። ዘንቦ ነበር፤ የለበሰችው ኩታ ገና አልደረቀም። ቀዳዳውን ዘግታ ሳትመልስለት ሄደች።

ክፉ ሆና አይደለም። በጸዳላ ሕግ አዲስ እስረኛ ወደ ሞገር ሲገባ፣ ሲገባ ያየችው ጨረቃ አልቃ ሌላ እስክትወለድ ድረስ ማንም አንዲት ቃል አይተነፍስለትም። ሕጉ የዝምታ ቀኖና ይባላል። የሰበረውም ራሱ ይታሰራል። የጥንት ሊቃውንት፣ ሰው ብቻውን ሲቀር ጥፋቱን ያስባል ብለው ያወጡት ነው፤ ከሊቃውንቱ መካከል አንድም ቀን ታስሮ የሚያውቅ አልነበረም። እስረኞቹ መሞት ሲጀምሩ ደግሞ ሌላ ጥበብ ጨመሩበት። የእስረኛው ዕቃ ሁሉ ተወሰደ፤ የገለባ ፍራሹ ሳይቀር ተበጥሮ ተፈተሸ። ከዚያ ሰውየውን በባዶ ክፍል ብቻውን ዘግተው፣ «አሁን ምንም አይሆንም» ብለው እፎይ አሉ።

ጠላት የሚገባው ግን በዚያ በኩል አልነበረም። በግንቡ ሥር ልሳነ ጥላ የሚሉት ፍጡር ይኖር ነበር፤ ጥርስ የለው፣ ጥፍር የለው፣ በወለል ላይ እንደ ጉም የሚሳብ ነገር ነው። ዝምታ ካለበት ቤት ይገባል። ገብቶም እስረኛው በሚናፍቀው ሰው ድምፅ፣ በእናቱ ወይም በሚስቱ ድምፅ፣ «ሸክም ሆነህብናል፤ ባትኖር ይሻለናል» እያለ በጆሮው ያንሾካሹካል። ውሸቱን ነው። ነገር ግን «ይኼ ውሸት ነው» የሚል ሌላ ድምፅ በሌለበት፣ ብቻውን የተዘጋበት ሰው በምን ይለየው?

አስማረ በተቀበረ ሰሞን ወታደሮች ታናሽ ወንድሙን ልመንህን ይዘው መጡ። ወንድማማቾቹ በመስኖ ውኃ ተራ ከጎረቤት ተጣልተው የሰው እጅ ሰብረዋል፤ ታላቁ ሲያዝ ታናሹ ሸሽቶ ነበር። እናታቸው እማማ ስንዱ ልጃቸውን እስከ ግንቡ በር ተከትለው መጡና የትርሲትን እጅ ጨብጠው ያዙ።

«ልጄ፣ አንዱን ወስዳችሁብኛል» አሉ። «ይኼኛው ጥፋቱን ይክፈል፣ አልከለክልም። ብቻ በሕይወቱ መልሱልኝ።»

«ልጅዎ አንዲት ነገር ጠይቆኝ ነበር» የሚለው ቃል ከትርሲት አፍ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። እጇን ቀስ ብላ አስለቅቃ በሩን ዘጋች፤ ልቧ ግን ከሴትየዋ ጋር ውጪ ቀረ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ አሮጌው ዘበኛ ወደ ጋሽ ድልነሳ ሄደች። እንደ ጋሽ ድልነሳ ያለ ሕግ አክባሪ በሞገር አልነበረም፤ ሲያስነጥሳቸው እንኳ እስረኛ እንዳይሰማ ከመተላለፊያው ወጥተው ያስነጥሳሉ እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ቀኖናውን የሚሽር ምንም ነገር የለም?»

«አለ፤ የስም ቀንድ» አሉ ሽማግሌው። «ድሮ ጠባቂዎች እየነፉት የእያንዳንዱን እስረኛ ስም ይጠሩ ነበር። ቀንዱ በተነፋበት ቤት ቀኖናው ይሻራል፤ ንጉሥም ቢሆን አይመልሰውም። ምን ያደርጋል፣ ተሰረቀ። ሰማዒት የምትባል ፍጡር በጉምዛ ዋሻ ይዛዋለች፤ የሄደባት አልተመለሰም። አርፈሽ ተቀመጪ ልጄ።»

አርፋ አልተቀመጠችም። በማግስቱ ጠዋት በግንቡ አደባባይ፣ በአዛዡና በወታደሮቹ ሁሉ ፊት፣ ቁልፎቿን ከወገቧ ፈትታ መሬት ላይ አኖረችና ቀኝ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

«ሰማይ ይስማኝ፣ ምድርም ምስክሬ ትሁን! እኔ የመርዕድ ልጅ ትርሲት፣ የስም ቀንድን ሳልይዝ ወደዚህ በር አልመለስም። ልመንህ የወንድሙን መንገድ እንዳይሄድ ነፍሴን መያዣ ሰጥቻለሁ። ቃሌን ባጥፍ ስሜን የሚጠራ አይገኝ!»

ወታደሮቹ ጋሻቸውን እየደበደቡ አስተጋቡላት፤ አዛዡ እንባ አውጥቶ መረቃት። በዚያ ሁሉ ሆታ መካከል፣ የተማለለት ልጅ ያለው ከአደባባዩ ትይዩ፣ ከአንድ በር ጀርባ መሆኑን ያስታወሰ ሰው አልነበረም። ትርሲትም ስንቋን አንግታ በዚያው በር ስታልፍ ቆም አላለችም። ሰው በላ ፍጡር ያለበትን ዋሻ ያልፈራችው ጀግና ቀኖናውን ፈራች።

መንገዱን የሚያውቅላት ይርዳው የሚባል አጋሰስ ነጂ ተገኘ። ይርዳው በወጣትነቱ ሞገር ታስሮ የወጣ፣ በሄደበት ሁሉ የሚቀልድ ሰው ነው። ጨው ብቻ የሚበቅልበትን የአፍላ ሜዳ አቋረጡ፤ ድንጋዮቹ ፀሐይ ስትጠልቅ በሚያለቅሱበት ሸለቆ አለፉ። ትርሲት በየመንገዱ ቆም እያለች ጆሮዋን ወደ ኋላ ትጥላለች። የሞገር ደወል እስከዚያ ድረስ እንደማይሰማ ታውቃለች፤ ቢሆንም ታዳምጥ ነበር።

«ጋሽ ይርዳው፣ አንተን ልሳነ ጥላ እንዴት ተወህ?» ብላ አንድ ቀን ጠየቀችው።

«እኔን ሳል ነው ያዳነኝ» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ። «አንድ ዘበኛ ነበር፤ የክፍሌ በር ላይ ሲደርስ ይስላል። መናገር እንጂ መሳል አልተከለከለም። ያ ጥላ በሟች ሚስቴ ድምፅ ‹ና ወደ እኔ› እያለ ሲያባብለኝ፣ እህህ የሚል ሳል እሰማለሁ። ‹ኧረ ሰው አለ› እላለሁ። ዘበኛው ጉንፋን ይዞት ይሁን አውቆ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። እግዜር ይስጠው።»

ትርሲት ይህን ሰምታ ከዚያው መመለስ ነበረባት። በአገር ፊት የማለ ሰው ግን ዓይኑ ከሩቅ ተራራ ላይ አይነሳም፤ እሷም ስለ ሳሉ ትንሽ አሰበችና በቅሎዋን ወደ ጉምዛ ነዳች።

በዋሻው አፍ ክንፋቸው ብረት የሆነ አሞሮች ሰማዩን አጨልመው ወረዱባቸው። ይርዳው ጋሻውን ከፍ አድርጎ፣ «ግቢ! እኔ ከእነዚህ ጋር ትንሽ ልጫወት!» ብሎ በሩን ያዘ። ትርሲት ብቻዋን ገባች። በዋሻው ሆድ ዕቃ ሰማዒት ተኝታለች፤ ዓይን የላትም፣ ገላዋ ሁሉ ጆሮ ነው። ዙሪያዋን ከዘመናት በፊት የሞቱ ሰዎች ድምፅ ይዘምራል፣ ይገበያያል፣ ልጅ ያባብላል። ቀንዱ በእግሯ ሥር ነበር።

ትርሲት ሰይፏን መዘዘች። «የሰረቅሽውን መልሺ!»

ጆሮዎቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። «ቀንዱን ማንም አልሰረቀውም» አለች ሰማዒት። «ጠባቂዎቻችሁ በገዛ እግራቸው አመጡልኝ። በየቀኑ ስም መጥራት፣ ‹እንዴት ዋልክ› ማለት፣ መልሱንም ቆሞ መስማት ሰለቻቸው። እኔም በለውጡ ዝምታ ሰጠኋቸው። የደከመ ሰው ዝምታን ሕግ ብሎ ሲጠራው ኅሊናው ያርፍለታል። አሁንም ሰይፍሽን መልሺ፤ ከእኔ ጋር ጦርነት የለም፣ ልውውጥ ነው ያለው። ቀንዱን ውሰጂ፣ ድምፅሽን ተዪልኝ።»

ትርሲት ሰይፏን ጣለች። ልመንህን አሰበች፤ እናቱንም አሰበች። «ይሁን» አለች። ቀጥላም ማንም ሳይጠይቃት፣ «ዘንቧል» አለች። «አዎ፣ ውጪ ዘንቧል ወንድሜ።» ከዚያ በኋላ አፏ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣም። ቃሉ በዋሻው ጣሪያ ሥር ከሌሎቹ ጋር መዞር ጀመረ።

ይርዳውን ደም በደም ሆኖ አገኘችው፤ አንድ ዓይኑ ጠፍቷል። «ተሳካልሽ?» ሲላት ቀንዱን አሳየችው። ደጋግሞ አናገራት። ለምን እንደማትመልስ ሲገባው፣ ያ ቀልደኛ ሰው አንገቷን አቅፎ አለቀሰ።

ሞገር ሲደርሱ አዲሷ ጨረቃ ገና አልወጣችም። ትርሲት ቀንዱን አቅፋ በመተላለፊያው ሮጠች። ወደ ልመንህ ክፍል ስትቃረብ ግን ባለችበት ቆመች። በዚያ ዝምታ በነገሠበት ቤት ሰው ያወራ ነበር፤ ሊዘጋ የተቃረበ፣ የሻከረ የሽማግሌ ድምፅ።

«...በቅሎዋ ድልድዩ መሐል ደርሳ አልሄድም ብላ ተኛች እልሃለሁ።»

«ጋሼ፣ ትናንት ሲነግሩኝ ድልድዩ ጋ ሳትደርስ ነው የተኛችው» አለ ልጅ እግር ድምፅ።

«እና ዛሬ ትንሽ ብትራመድ ምን ይጎዳሃል?»

ልጁ ሳቀ። ልመንህ ነበር። ሽማግሌው ደግሞ ጋሽ ድልነሳ ነበሩ፤ የሚያወሩት ከጎኑ ካለው ክፍል፣ በግድግዳው በኩል፣ ራሳቸው ታስረው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትርሲት በሄደች ማግስት ጋሽ ድልነሳ በልመንህ በር ሲያልፉ፣ ልጁ ብቻውን «እሺ እማዬ፣ እሺ» ሲል ሰሙ። እንደ ልማዳቸው አልፈው ሊሄዱ ነበር። እግራቸው ግን እንቢ አላቸው፤ በሩ ሥር ቁጭ አሉ።

«ልጄ፣ እኔ ድልነሳ እባላለሁ» አሉት። «የምታናግርህ እናትህ አይደለችም። እናትህ ከግንቡ በር ላይ ቁጭ ብላ ‹በሕይወቱ መልሱልኝ› እያለች ነው፤ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። አሁን እውነቱን ንገረኝ። ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?»

 ልመንህ ከውስጥ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ፣ «አዎ» አለ።

«ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ። በል አብረን እንቆይ፤ እኔ የትም አልሄድም።»

አዛዡ ቀኖና ሰብረሃል ብሎ አሰራቸው። ከልጁ አጠገብ ባለው ክፍል መዝጋቱ ግን የአዛዥ ሞኝነት ነበር፤ ሽማግሌው ያላቸውን ወሬ ሁሉ በግድግዳው አወሩለት፤ ሲያልቅባቸው ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ትርሲት ይህን ሁሉ በኋላ ነው የሰማችው። ያን ጊዜ ያደረገችው ቀንዱን ወደ ከንፈሯ አንስታ መንፋት ነው። ድምፁ ግንቡን ከመሠረቱ አናወጠው። ልሳነ ጥላ ከወለሉ ስንጥቅ ወጥቶ፣ የሰው ድምፅ ሁሉ ከላዩ እየተገፈፈ፣ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ተበተነ። አዛዡ ተንበረከከ፤ የዝምታ ቀኖናም በዚያች ቅጽበት ተሻረ። ወታደሮቹ «ትርሲት! ትርሲት!» እያሉ ግንቡን አደመቁት።

ጋሽ ድልነሳ ተፈትተው ሲወጡ ጉንጮቿን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልጄ፣ ምነው ዝም አልሽ?»

አፏን ከፈተች። ሽማግሌው አይተው ተረዱ፤ ከግድግዳው ሥር ተቀመጡ።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ይኼ አንደበት ነበረኝ» አሉ። «ስንት በር አለፍኩ፣ ልጄ። ስንቱን በር ዝም ብዬ አለፍኩ።»

ትርሲት አጠገባቸው ተቀመጠች። ልመንህን ያዳነው የሰው ድምፅ፣ እሷ በዋሻው የተወችው ነገር ነበር፤ ከሞገር ስትወጣም፣ አስማረ ሲጠይቃትም ከእሷ ጋር ነበር። ቀንዱ የሚመጡትን ሁሉ ያድን ይሆናል፤ ይህ እውነት ነው፣ ትንሽም አይደለም። ቢሆንም ጸጸቱ እንደ ድንጋይ ደረቷ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያም አልተነሳም።

ልመንህ ቅጣቱን ጨርሶ ወደ እናቱ ተመለሰ። በሞገርም በየቀኑ ከእራት በፊት ቀንዱ ይነፋል፤ ጠባቂዎች በየበሩ እየቆሙ እስረኛውን በስሙ ይጠሩታል፤ እንዴት እንደዋለ ይጠይቁታል፤ መልሱን ሳይሰሙ አይሄዱም። ትርሲት ቁልፎቿን መልሳ ታጥቃለች። አንድ ቀን ገና ያን ዕለት የገባ ሰው በር ላይ ተራዋ ደረሰ። ስሙን ታውቃለች፤ ልትጠራው ግን አትችልም። ከውስጥ የታፈነ ለቅሶ ይሰማል። መዳፏን አንስታ በሩን ሁለት ጊዜ ቀስ ብላ መታች። ለቅሶው ቆመ። እንደገና መታች፤ እንባዋ እየወረደ፣ ጆሮዋን ከእንጨቱ ላይ አስጠግታ ጠበቀች።

ከወዲያ በኩል አንድ እጅ መልሶ መታ።