ሠርካዲስ ጮክ ብላ ያልለካችው ንባብ

ሠርካዲስ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው ልደታ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል። ዘመኑ 1972 ዓ.ም. ነበር። ያኔ እሑድ በሦስት ሰዓት የቀበሌ ስብሰባ ይጠራል። የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን አልነግራችሁም።

ስለዚህ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ወላጆችን በጋበዘበት ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ የሚተርፈው ጊዜ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር። መምህር ተክለጻድቅ ቆጥበው ከፋፈሉት። መጀመሪያ ሌሎች ልጆች ግጥም ያቀርባሉ። ቀጥላ ሠርካዲስ ስለ ነቢዩ ዳንኤል የጻፈችውን ታነባለች። መጨረሻ ላይ ትንንሾቹ ይዘምራሉ። ከእነሱ አንዷ የሠርካዲስ እኅት ትርፌ ናት። ሁለት ወር ሙሉ ስትለማመድ ከርማለች።

“ሰዓት ሠሪው ጋሽ ባፈና ዘንድ ሂጂና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ለኪ፤” አሏት መምህር። “ግን ጮክ ብለሽ! ዓይን ፈረሰኛ ነው፣ አፍ እግረኛ።”

ሠርካዲስ ሄደች። ሱቁ ውስጥ ደንበኞች ተቀምጠዋል። በሰው ፊት ጮክ ብሎ ማንበብ አሳፈራት። ሦስቱንም ገጽ በዓይኗ ጨረሰች። አራት ደቂቃ!

“ጮክ ብለሽ ነው?” አሉ መምህር።

“አዎ፣ መምህር።”

ዋሸች። እሳቸውም አምነው አራት ደቂቃ ብቻ መደቡላት። ትንሽ ውሸት ትመስላለች፣ አይደል? ቆዩ።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ሞላ። ሠርካዲስ ማንበብ ጀመረች። ድምፅዋ ያምራል። እናቷ ወይዘሮ ፀሐይቱ ትንፋሻቸውን ይዘው ያዳምጣሉ። ገጹን ስትገልጥ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የመምህርን ሰዓት አየች። አራቱ ደቂቃ አልቋል። እሷ ግን ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ናት!

ትርፌ ከጓደኞቿ ጋር በሩ አጠገብ ተሰልፋለች። ከንፈሯ መዝሙሩን ያለ ድምፅ ይላል። ሠርካዲስ ብትቀጥል የትንንሾቹ መዝሙር ይቀራል። ብታቆም የለፋችበት ጽሑፍ ይቀራል። ደግሞ ማንም አላወቀባትም። ዝም ብላ ብትቀጥልስ?

ወረቀቱን አጠፈችው።

“ይቅርታ፤” አለች። “ጮክ ብዬ ለካሁ ያልኩት ውሸት ነው። የቀረው ጊዜ የትንንሾቹ ነው።”

ከኋላ የተቀመጡት አሮጊቷ እማማ ወለተሰንበት አላስቻላቸውም።

“ኧረ ልጄ! ዳንኤልን ከአንበሶቹ ጋር ጥለሽው ልትሄጂ ነው?”

“ሳይነኩት ወጥቷል፣ እማማ!”

ሰው ሁሉ ሳቀ። ትርፌና ጓደኞቿ መዝሙራቸውን እስከ መጨረሻው ዘመሩ። ሦስት ሰዓትም ገና አልሞላም።

መምህር ተክለጻድቅ ሠርካዲስን በር ላይ አስቆሟት። አንገቷን ደፋች።

“ቀና በይ፤” አሏት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “የዋሸሽው ለእኔ ብቻ ነበር፤ እውነቱን የተናገርሽው ግን በሁሉ ፊት ነው። ዛሬ ይህን የሚደፍር ትልቅ ሰው ጥቂት ነው።”

ወይዘሮ ፀሐይቱ ወደ ስብሰባው ሲያዘግሙ ሌሎች ወላጆች ተከተሏቸው።

“ያቺ ልጅ የማን ናት?”

“የእኔ!” አሉ፣ ሳይጠየቁም ደገሙት፤ “የእኔ ናት።”

ልጆች፣ ያልሠራችሁትን ሠራሁ አትበሉ፤ ካላችሁም የሌላው ተራ ሳያልፍበት እውነቱን ተናገሩ።